መውጫ፣ ዘጠና

መምህር ትራውጎት ዕድሜውን የፈጀው የሰው ጀርባ ሲያይ ነው። በጀርመን አገር፣ በቱሪንጊያ ተራሮች መሐል በምትገኘው መንደሩ ከሰኞ እስከ ቅዳሜ ልጆች ያስተምራል፤ እሁድ ቤተ ክርስቲያን ኦርጋን ይጫወታል። ኦርጋኑ ያለበት ሰገነት ላይ ሆኖ ከታች ያለውን የሚያየው ከፊቱ በተሰቀለች መስተዋት ነው። ታዲያ ቡራኬው አልቆ ከራሱ ድርሰቶች አንዱን መጫወት ሲጀምር መስተዋቷ በጀርባ ትሞላለች። ሴቶቹ የድንች ድቡልቡላቸውን ሊቀቅሉ፣ ወንዶቹ ለቢራ፣ ሁሉም ወደ በር! ቤቱ ባዶ ሲሆን እሱም ያቋርጠዋል። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ አንድ ድርሰቱን እንኳ እስከ መጨረሻው የሰማለት የለም።

"እግዜር ይሰማኛል" ይላል ሲጠይቁት። ውሸቱን ነው፤ አንጀቱ እርር ይላል።

ከኦርጋኑ ጀርባ፣ ለቧንቧዎቹ ነፋስ የሚሰጠውን ወናፍ በእግሩ የሚረግጠው ሽማግሌው ጫማ ሰፊ ባልታዛር ነው። ባልታዛር ዜማ አይገባውም፤ መዝሙሮቹን የሚያውቃቸው ወናፉን ስንት ጊዜ እንደሚረግጥ በመቁጠር ነው። የእያንዳንዱን ስምና ቁጥር ግድግዳው ላይ በጠመኔ ጽፏል። የመምህሩን ድርሰቶች ግን ስም እንኳ ሳይሰጥ "መውጫ፣ ዘጠና" ብሎ አልፏቸዋል፤ ቤቱ ባዶ የሚሆነው በዘጠናኛው ነውና።

የቤተ ክርስቲያኑ ዓመታዊ በዓል ሲደርስ መምህሩ ቆረጠ። ክረምቱን ሙሉ የደከመበትን ረጅም ድርሰት፣ ለባዶ ወንበርም ቢሆን፣ ሊጨርሰው! ስድሳ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ዛሬ ካልሆነ መቼ?

"ባልታዛር፣ ዛሬ በቃ እስክልህ እንዳታቆም!"

"አርባ ዓመት ስረግጥ ከቁጥሬ ዝንፍ ብዬ አውቃለሁ? ይልቅ አንተ ጣቶችህን ጠብቅ!"

ቡራኬው አለቀ፤ መምህሩ ጀመረ፤ ጀርባዎቹም ተነሱ። የወፍጮ ቤቷ ሁልዳ እንደ ልማዷ ከሁሉ ቀድማ በሩን ያዘች። ሰማንያ ስምንት፣ ሰማንያ ዘጠኝ፣ ዘጠና! ባልታዛር ከወናፉ ወርዶ ባርኔጣውን አነሳ።

ኦርጋኑ ዜማው መሐል ላይ አቃሰተ፣ ተንፈሰፈሰ፣ ጭጭ አለ።

ሁልዳ ግቢው ውስጥ ቀጥ ብላ ቆመች። "ኧረ ጉድ! መምህር ሞቱ!"

ከዚያ በኋላ ማን ይያዛቸው! ቄሱ ቀሚሳቸውን ሰብስበው ከፊት፣ መንደሩ ከኋላ፣ በጠባቡ ደረጃ እየተጋፉ ሽቅብ ነጎዱ።

"መምህር፣ አሉ?" ጮኹ ቄሱ።

"አለሁ! የሞተው ነፋሱ ነው!"

"ታዲያ ምነው ልባችንን ባያፈርጡት!" አለች ሁልዳ እያለከለከች። "ውሃ ጥጄ ነው የመጣሁት!"

"አልጨረስኩማ" አለ መምህሩ። "ሠላሳ አንድ ዓመት አንድም ቀን ጨርሼ አላውቅም።"

ሁልዳ ወለሉ ላይ ዘጭ ብላ ተቀመጠች።

"ምን ይጠብቃሉ? ይጨርሱታ! ባልታዛር፣ ርገጥ!"

"ቁጥሩ ስንት ነው?"

"አትቁጠር!" ሰገነቱ በሙሉ ጮኸበት። "ዝም ብለህ ርገጥ!"

መምህሩ ቀና ሲል መስተዋቷ ውስጥ ጀርባ የለም። ፊት ብቻ! ላብ ያጠመቀው፣ አፉን የከፈተ፣ የቀላ ፊት! ደስታው ጣቶቹን አሳበዳቸው፤ ያልጻፈውን ጭፈራ ሁሉ ጨመረበት፤ ቄሱ ወለሉን በጫማቸው እየረገጡ ምት መቱለት፤ እሱም እየተጫወተ ይስቃል፣ ያለቅሳል። መንደሩ ውስጥ ድስት ሁሉ ውሃው አልቆ ሲያር አንድም ሰው አልተነሳም።

ምሳ በዘጠኝ ሰዓት ተበላ። ባልታዛር ግን ወደ ኋላ ቀርቶ "መውጫ፣ ዘጠና" የሚለውን በእጅጌው አጠፋው። በቦታውም "የትራውጎት፣ አራት መቶ አሥራ ሁለት" ብሎ ጻፈ።