በግራ በኩል የተነገረው

ባትላሜራው፣ የተጎዳ መኪና ቀጥቅጦ የሚያቃናው ሰው፣ መጠሪያውን ያገኘው ከጆሮው ነው። የመኪናን ገላ በጣቱ አንጓ ኳ ኳ ያደርግና አንገቱን ዘንበል አድርጎ ያዳምጣል። ከቀለሙ ሥር ያለው ንጹሕ ብረት ይሁን ጉድጓዱን የሞላ ስቱኮ፣ የበየደው ፋብሪካ ይሁን የመንደር ጋራዥ፣ ድምፁ ይነግረዋል። መጀመሪያ አብረውት የሚሠሩት በቀልድ «ጆሮ» አሉት። በሙያው ሠላሳ ዓመት ሲደፍን ግን ዋና ስሙን የሚያውቀው መታወቂያውን የሚያድስለት ጸሐፊ ብቻ ሆኖ ነበር።

ያገለገለ መኪና ሊገዛ ያሰበ ሰው ቁልፉን ከመቀበሉ በፊት ወደ እሱ ይመጣል። አሠራሩ ለሀብታምም ለታክሲ ነጂም አንድ ነው። መጀመሪያ በመኪናው ቀኝ በኩል ከፊት ወደ ኋላ እየሄደ መልካሙን ብቻ ይናገራል። ከዚያ ዞሮ በግራ በኩል ከኋላ ወደ ፊት እየመጣ እንከኑን ብቻ ይናገራል። እንከን ባገኘበት ቦታ ይቆማል። ገዢው ይከተለዋል፤ ሻጩ ፈንጠር ብሎ ይጠብቃል። ሲጨርስ «ግዛ» ወይም «ተወው» አይልም፤ እጁን በጨርቅ ጠርጎ ወደ መዶሻው ይመለሳል። በዚያ የጋራዦች መንገድ አንድ ሰው መኪና ገዛሁ ሲል «ጆሮ በግራ ስንት ጊዜ ቆመ?» ተብሎ ይጠየቃል። ደላሎቹ እንደ ክፉ ደዌ ይፈሩታል። አንደኛው በሰው ፊት «የዚህን ሰውዬ ግራ እግር የሚሰብርልን ቢገኝ ስንቶቻችን በበላን» ብሏል።

ለዝምድናም አላደላም። የሚስቱ ወንድም መኪናውን ሊሸጥ ይዞ በመጣ ጊዜ በግራ በኩል ሰባት ጊዜ ቆመበት። ሰውየው ከዚያ ቀን በኋላ ያናገረው በእህቱ ቀብር ላይ ነው፤ ያውም «ነፍስ ይማር» ለማለት ብቻ።

ሚስቱ ከሞተች በኋላ፣ ጆሮ የሥራ ቦታውን ካርታ በአንድ ልጁ ስም አዛወረው። ሁለት መኪና የሚያስገባ የቆርቆሮ ጣሪያ፣ አንድ የእንጨት ጠረጴዛ፣ ከጀርባ እሱ የሚያድርባት አንዲት ክፍል፣ ግድግዳው ላይ በመጠናቸው የተሰለፉ አሥራ ዘጠኝ መዶሻዎች፤ ሀብቱ ይኸው ነው። «ሞት ቀን አይቆርጥም፤ ኋላ በወረቀት እንዳትንከራተት» አለው። ልጁ ያኔ አልቅሶ ነበር።

ከአራት ዓመት በኋላ ያው ልጅ በአንድ ሰኞ ረፋድ ወደ ጋራዡ መጣ። የኢንሹራንስ ሽያጭ ኃላፊ ነው። ሱሪው ዘይት እንዳይነካው ወንበሩን ሳይሆን የወንበሩን ጫፍ ይዞ ተቀመጠና በስልኩ የአንድ መኪና ፎቶ አሳየው። ዐመድማ፣ ጀርባው ወደ ታች ያዘቀዘቀ፣ የፊት መብራቱ ዓይኑን እንዳጠበበ ሰው የቀጠነ።

«ምን ጉድ ነው?» አለ አባት።

«የቅንጦት መኪና ነው አባዬ። መካከለኛው። ትልቁ ነዳጅ ይጨርሳል፣ ትንሹ ደግሞ አይከበርም።»

«አሁን ያለህ ምን ሆነ?»

«እሱን ይዤ የድርጅት ሥራ አስኪያጅ ዘንድ ስሄድ ዘበኛው ዕቃ አድራሽ መስዬው በጓሮ በር ግባ ይለኛል።»

«ታዲያ ጂፕ ግዛ።»

«ጂፕ ያንገጫግጫል። ይኼ እንደ ጂፕ ከፍ ያለ ነው፣ እንደ ቤት መኪና ግን ይለሰልሳል።»

«ከሁለት ያጣ ነዋ።»

ልጁ ሳቀ። አባት ቀጥሎ በምን ሊገዛው እንዳሰበ ጠየቀው። ልጁ መልስ ከመስጠቱ በፊት ጣሪያውን፣ ከዚያ ግድግዳውን፣ ከዚያ በሩን ተራ በተራ አየ። ጆሮ ገባው፤ ቦታን እንዲያ የሚያየው ሊሸጠው የቆረጠ ሰው ነው።

«ገዢ አለው» አለ ልጁ። «አንተም ደክመሃል አባዬ። እስከ መቼ ብረት ስትቀጠቅጥ ትኖራለህ?»

ጆሮ አንድ መዶሻ አንሥቶ በጨርቅ መጥረግ ጀመረ። ልጁ አላስቻለውም።

«እሺ፣ እንዲህ እናድርግ። መኪናውን ቅዳሜ እዚህ አስመጣዋለሁ፤ አንተው እየው። አደጋ የደረሰበት ከሆነ እተወዋለሁ፣ ቦታህም አይነካም። ንጹሕ ከሆነ ግን እገዛዋለሁ። ካንተ በላይ የማምነው ሰው የለም።»

እስከ ቅዳሜ ድረስ ጆሮ ያላየውን መኪና ጠላው። የተጨማደደ መኪና እየተመኘ ሰነበተ። ከዚህ በፊት ለማንም መኪና እንዲህ ያለ ምኞት አልነበረውም።

ቅዳሜ መኪናውን ይዛ የመጣችው የጥርስ ሐኪም ናት። አጭር፣ ጠጉሯ የሸበተ፣ ቦርሳዋን በሁለት እጇ ሆዷ ላይ የያዘች ሴት። ወደ ሌላ ከተማ ልትዛወር ስለሆነ ነው የምትሸጠው። ልጁ ከሚስቱ ጋር ቀድሞ ደርሷል።

ጆሮ በቀኝ በኩል ጀመረ። የፊቱን ክዳን ከፍቶ ሞተሩን አስነሳ። ድምፁ እንደ ጤነኛ ሰው እንቅልፍ ወጥ ነበር። «ሞተሩ ለክብደቱ ይበቃል» አለ። የፊቱን በር ዘጋው፤ በሩ ሳይጮህ ገጠመ። «መዝጊያው አልላላም። ወንበሩ ቆዳ ነው፣ አልተሰነጠቀም። ሾፌሩ ከፍ ብሎ መንገዱን ያያል፤ ለወገብም ደኅና ነው። የአደጋ ጊዜ የአየር ከረጢት ከጎንም ከፊትም አለው፤ አንዱም አልፈነዳም።» በልምዱ በቀኝ በኩል ረዘም አድርጎ ይናገር ነበር። ዛሬ ቃሉን ቆጠበው፤ ሆኖም ያልሆነ ነገር አልተናገረም።

ወደ ግራ ዞረ። ከኋላ ጀመረ።

«ጀርባው ለመልክ ሲባል ስላዘቀዘቀ የዕቃ መጫኛው ጠቧል። ትልቅ ሻንጣ ሁለት አይገባም።»

«አውቃለሁ» አለ ልጁ።

«መጠባበቂያ ጎማው ቀጭን ነው። ሃምሳ ኪሎ ሜትር አያደርስህም።»

«አንብቤዋለሁ።»

ወደ ኋላው ወንበር መጣ። «ቁመቱ ረዘም ያለ ሰው እዚህ ከተቀመጠ ጭንቅላቱ ጣሪያ ይነካል።»

«እኔ እንደሆነ ፊት ነው የምቀመጠው።»

«ጎማው ሰፊና አጭር ነው፣ ድንጋይ አይችልም። ቁመቱ አያታልልህ፤ ከአስፋልት ከወጣህ ሆዱ ይፋቃል። ማቀዝቀዣውን ለማስተካከል መሐል ያለውን የንክኪ መስታወት መነካካት አለብህ፤ ያን ስታደርግ ዓይንህ መንገዱ ላይ አይሆንም። መለዋወጫው ታዝዞ ነው የሚመጣ፣ ወራት ይፈጃል።»

«አባዬ» አለ ልጁ፣ ትዕግሥቱ ሲያልቅ የሚያወጣው የለሰለሰ ድምፅ ነበር፤ «ይኼ ሁሉ የመኪናው ጠባይ ነው፣ ስልኬ ላይ ተጽፏል። ካንተ የምፈልገው ቁስሉን ነው። ተመትቷል ወይስ አልተመታም?»

ጆሮ የፊት መብራቱ ጋ ደርሶ ነበር። በጎን ያለውን ስፖንዳ፣ በሮቹን፣ ክዳኑን ሁሉ መታ መታ አድርጎ አዳምጧል። መኪናው ከፋብሪካ ከወጣ ጀምሮ መዶሻ አልነካውም። ይህን ያወቀው ገና የመጀመሪያውን በር ሲያንኳኳ ነው።

በሠላሳ ስምንት ዓመት ሥራው በግራ በኩል ካለፈበት ቦታ ወደ ኋላ ተመልሶ አያውቅም። አሁን ተመለሰ። አራት እርምጃ ሄዶ ከኋላው በር ቀጥሎ ያለውን ምሰሶ በጣቱ መታው። ብረቱ ጥርት ያለ ድምፅ ሰጠ።

«እዚህ ጋ ተቆርጦ ተበይዷል» አለ።

ልጁ ወደ ሐኪሟ ዞረ። እሷ አልተቆጣችም፤ ግራ ገባት።

«መቼ?» አለች። «ይኼን መኪና ከእኔ ሌላ የነዳው ሰው የለም። ተጋጭቶም አያውቅም፣ አባት።»

«የሚናገረው ብረቱ ነው፣ እኔ አይደለሁም።»

ይህን ቃል በሕይወቱ ሺህ ጊዜ ተናግሮታል። ሻጮች ይሳደባሉ፣ ይምላሉ፣ ያለቅሳሉ፤ እሱ ይህን ብሎ ይሄዳል። ሐኪሟ ግን አልማለችም።

«እኔ ጥርስ ነው የምሞላው» አለች። «የተሞላና ያልተሞላ ነገር ለይቶ ማወቅ እንደሚቻል አውቃለሁ። ሌላ ሰው ያየዋል። የምለው ለሽያጩ አይደለም፤ ሌባ ተብዬ ከዚህ ከተማ አልወጣም።»

ቁልፏን ይዛ ሄደች። ልጁም ከሚስቱ ጋር ሄደ፤ ሲወጣ የአባቱን ትከሻ መታ መታ አደረገው። ጆሮ በሩን ዘግቶ ከመዶሻዎቹ ፊት ቆመ። ቦታው ተርፏል። ደስታውን ፈልጎ አጣው።

ማክሰኞ ከምሳ በኋላ ኮሳሳው መጣ። ኮሳሳው ጆሮ ራሱ ያሳደገው ሠራተኛ ነበር፤ ዛሬ ስድስት መኪና የሚያስገባ የራሱ ጋራዥ አለው፣ ሆዱም ቀበቶውን ይገፋል፣ ስሙ ግን እንደ ጥንቱ ነው። የጠረጴዛው ጫፍ ላይ ተቀመጠና ለጥቂት ጊዜ ስለ ቀለም ዋጋ አወራ።

«አንዲት የጥርስ ሐኪም መጥታብኝ ነበር» አለ በመጨረሻ።

ጆሮ የመዶሻውን ጫፍ በሞረድ ማሸት ቀጠለ።

«በመለኪያ አርባ ቦታ ለካሁት ጋሼ። የቀለሙ ውፍረት አንድ ነው። እርስዎ ባሉት ምሰሶ ላይ ልጣፉን ገልጬ ውስጡን አየሁት። የፋብሪካው ነጥብ ብየዳ እንዳለ ተደርድሯል። አላመንኩም። እርስዎ ተሳሳቱ ከምል ዓይኔ ተሳሳተ ብል ይቀለኛል ብዬ ሁለተኛ አየሁት።»

«እና?»

«እናማ ልጅዎ ደውሎልኝ ጠየቀኝ። ምን ልበለው?» ኮሳሳው መሬት መሬት እያየ ነው። «ነገሩ ሁለት ነው ጋሼ። ወይ ጆሮዎ ደክሟል። ዕድሜ ነው፣ መዶሻው ነው፣ ማንም አይፈርድብዎትም። ወይ ደግሞ…»

ሁለተኛውን አልጨረሰውም። ስለ ቦታው ሽያጭ ሰምቷል፤ በጋራዦች መንገድ የማይሰማ ነገር የለም።

ጆሮ ሞረዱን አስቀመጠ። ከበስተኋላ፣ ሦስተኛው ግቢ ውስጥ፣ አንድ ሰው የላላ ብሎን ሲያጠብቅ ይሰማዋል። ብሎኑ ጥርሱ ተበልቷል፤ አይዝም።

«ደክሟል» አለ። «ከደከመ ቆየ።»

ኮሳሳው ራሱን ነቀነቀ፤ እንዳላመነ ያስታውቃል፣ እንዳመነ ሆኖ ለመሄድ ግን ተነሣ። «እንዲያ ነው እኔም ያልኩት» አለ።

ወሬው በሁለት ቀን ተዳረሰ። ግራ እግሩ ይሰበር ብሎ የነበረው ያ ደላላ ጆሮ በር ላይ ቆሞ «ጋሼ፣ እንግዲህ እርስዎም ጆሮ ዳባ ልበስ አሉን?» ብሎ ሳቀ። ሌሎቹ አልሳቁም፤ አዘኑለት፤ ይህ ከሳቁ ባሰበት። በግራ ስንት ጊዜ ቆመ ብሎ የሚጠይቅ ጠፋ። የሚያሳዩት መኪና የነበራቸው ሰዎች በሩን አልፈው ወደ ኮሳሳው ሄዱ። በሠላሳ ስምንት ዓመት ውስጥ ያያቸውን መኪኖች እያስታወሱ «ያኔስ ሰምቶ ይሆን?» የሚሉም ነበሩ።

ልጁ ቦታውን ሸጦ መኪናውን ገዛ። ለሁለት ሳምንት አባቱን አልጎበኘም፤ በስልክም ቃሉ አጭር ነበር። ኮሳሳው «ጆሮው ደክሟል» ብሎ የነገረውን ሙሉ በሙሉ አላመነውም። በሦስተኛው ሳምንት መጥቶ፣ የጆሮ ሐኪም ዘንድ ቀጠሮ እንደያዘለት ነገረው። ቦታውንም ገዢው ለአንድ ዓመት እንደማይነካው አከለ። ያቀረበው እንደ እርዳታ ነው፤ ዓይኑ ግን እንደ መርማሪ አባቱ ፊት ላይ ነበር።

ክሊኒኩ ውስጥ ግድግዳዋ በስፖንጅ በተለበጠ፣ አንድ የመስታወት መስኮት ብቻ ባላት ጠባብ ክፍል አስቀመጡት። አንዲት ወጣት ባለሙያ ማዳመጫውን ጆሮው ላይ ገጥማ አንድ ቁልፍ አስያዘችው። «ድምፅ በሰሙ ቁጥር ይጫኑ» አለችው። በመስታወቱ ማዶ ልጁ ቆሟል።

መጀመሪያ ወፍራሙ መጣ፤ ተጫነ። ቀጥሎ ቀጠን ያለው፤ ተጫነ። ከዚያ ድምፁ እየራቀ፣ እንደ ክር እየሳሳ ሄደ። ሰማው። ይባስ ሳሳ፤ ሰማው። ባለሙያዋ ማሽኑን ስትነካ የጥፍሯን ድምፅ ሳይቀር ሰማ። አውራ ጣቱ ቁልፉ ላይ እንዳለ አልተንቀሳቀሰም። አሥራ አንድ ድምፅ አሳለፈ፤ ሁሉንም ቆጥሯቸዋል። ባለሙያዋ ለልጁ አንድ ነገር ስትነግረው ልጁ ፊቱን በእጁ ሸፈነ፤ ሲገልጠው ፊቱ የድሮ ፊቱ ሆኖ ነበር።

ጆሮው ላይ የሚደረገው የመስሚያ መሣሪያ በአሥር ቀን ይደርሳል ተባሉ። ልጁ ደግፎ ወደ መኪናው ወሰደው፤ እያንዳንዱን ቃል በጩኸት ይናገረዋል። «አባዬ! ጭንቅላትህን!» ኋላ ሲቀመጥ ጣሪያው ነካው።

ምራቱ ፊት ተቀምጣለች። መኪናው ያለ ድምፅ ተነሣ። ትንሽ እንደሄዱ ልጁ ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ሰውየው በወሩ መጨረሻ ልቀቁልኝ ብሏል።»

«ዓመት አልነበር እንዴ?»

«ዓመትማ አላለም። እኔ ነኝ እንዲያ ያልኩት፣ ቅር እንዳይለው።»

«ታዲያ የት ሊሆን ነው? የልጆቹ ክፍል እንደሆነ ታውቀዋለህ።»

«የጓሮዋን ዕቃ ቤት እናጸዳለን። መስኮት ይወጣላታል።»

«ያ ሁሉ መዶሻስ?»

«በኪሎ የሚገዛ ሰው አግኝቻለሁ። እስኪ ቀስ ብለን እንነግረዋለን።»

ጆሮ በመስኮቱ ውጭውን እያየ ነው። አንድ ቃል ቢናገር፣ እንደሰማ ያውቃሉ። እንደሰማ ካወቁ ደግሞ ያን ቅዳሜም እንደሰማ ያውቃሉ። ጉልበቱ ላይ ያሉትን እጆቹን አንዱን በአንዱ ላይ አደረጋቸው።

ምራቱ ወደ ኋላ ዞራ ፈገግ አለችለት፤ ድምፅዋንም ከፍ አደረገች።

«አባባ፣ ተመችቶዎታል?»

«ምን አልሽ?» አለ።