የዶክተሩ ካቻቢቴ

ባለቤቴን ሰፈሩ ሁሉ «ዶክተር» ይለዋል። ትምህርት ቤት ብዙም አልቆየም፤ ዶክተር ያሰኘው አንድ ካቻቢቴ ነው። እጀታው እንጨት፣ ዘንጉ ክንድ የሚያህል፣ ከአባቱ የወረሰው። የታመመ መኪና ሲመጣለት ሞተሩን ያስነሳና የካቻቢቴውን ጫፍ ብረቱ ላይ፣ እጀታውን ከጆሮው ኋላ ያለው አጥንት ላይ አስደግፎ ዓይኑን ይጨፍናል። ባለመኪናው ትንፋሹን ውጦ ይጠብቃል። ከዚያ «ሦስተኛዋ ሲሊንደር ታማለች» ይላል፤ ሞተሩ ሲፈታ ሦስተኛዋ ታማ ትገኛለች። እጀታው ጆሮው ያረፈበት ቦታ ላይ ተልጎ እንደ ማንኪያ ጎድጉዷል። በቤታችን ሁሉን መንካት ይቻላል፤ ያቺን ካቻቢቴ ግን ማንም አይነካትም። ልጃችን ሕፃን ሆና ምስማር ልትመታባት አንስታት የደረሰባትን ቁጣ እስከ ዛሬ ታወራለች።

እኔ የወንበር ልብስ ሰፊ ነኝ። የተዋወቅነውም በዚያው ነው። የሞተርሳይክል ወንበር አምጥቶ አሰፋኝ። በሳምንቱ ተተርትሯል ብሎ መለሰው፤ ሰፋሁለት። በሌላው ሳምንት ደግሞ ይዞት መጣ። በሦስተኛው ክሩን አገላብጬ ባየው በምላጭ የተቆረጠ ነው። «ይሄ ስፌት በራሱ አልተተረተረም» ስለው፣ «እኔም በራሴ አልመጣሁም፣ እግሬ ነው ያመጣኝ» አለኝ። ያን ቀን የሰፋሁለት ወንበር ይኸው ሃያ ስድስት ዓመቱ፤ አንድ ክር አልለቀቀም።

የምንሠራው ከቤታችን ጀርባ፣ በቆርቆሮ በተከደነች ጠባብ ግቢ ውስጥ ነው። አንድ መኪናና ሦስት ሞተርሳይክል ሲገባባት ሰው በጎኑ ነው የሚያልፈው። የእኔ የስፌት መኪና ከወጥ ቤቱ በር አጠገብ ነው፤ የእሱ የሥራ ጠረጴዛ ከፊት ለፊቴ። ሰው ለብረት ሻጭ ሊሰጠው የቆረጠውን መኪና ተቀብሎ፣ ዝገቱን በብርጭቆ ወረቀት ፍቆ፣ የጎደለውን ከቆርቆሮ ቀጥቅጦ እንደገና በእግሩ ያቆመዋል። ሁልጊዜ እንደነበረም አይመልሰውም። እግሩ ለማይታዘዘው ጫማ ሰፊ የሞተርሳይክሉን ማርሽ ከእግር ወደ እጅ አዞረለት፤ ከኋላም ሁለት ጎማ ጎን ለጎን ገጠመለት። ጫማ ሰፊው ዛሬም በበራችን ሲያልፍ ጥሩንባውን ሳይነፋ አያልፍም።

ካርቡራተር በሳህን ማጠቢያዬ ይነክራል። የምግብ ጠረጴዛችን ላይ የማርሽ ሳጥን ፈቶ ሁለት ሳምንት ቆመን በልተናል። ይሄን ሁሉ ችያለሁ። ያልቻልኩት አንድ ነገር ነው። በዘይት የራሰ የእጅ መጥረጊያ ጨርቁን አዲስ በቆረጥኩት ቆዳ ላይ ይጥልብኛል። «ያንን ጨርቅ አንሳልኝ» ስል ሃያ ስድስት ዓመት ሞላኝ፤ እሱ ጆሮ ዳባ ልበስ። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም ይባላል። እሱ ጨርቁን፣ እኔ ንጭንጩን ይዘን እንዲሁ ኖርን።

ነገሩ የጀመረው በስልክ ነው። ልጃችን ተድራ ርቃ ነው የምትኖረው፤ እሁድ እሁድ ትደውላለች። አንድ እሁድ፣ «እማዬ፣ አባዬ ምን ሆኗል? ምን በላህ ስለው 'ደህና ነኝ'፣ ማን መጣ ስለው 'ደህና ነኝ' ይለኛል» አለችኝ። ሥራ ይዞት ነው ብዬ ሸፈንኩለት። በዚያው ሳምንት የአንዱን ደንበኛ መኪና አስነስቶ ከኮፈኑ ሥር ሲነካካ ቆየና፣ ገብቶ ቁልፉን እንደገና ጠመዘዘው። ሞተሩ እኮ አልጠፋም፤ እየሠራ ነው። በሚሠራ ሞተር ላይ ማስነሻው ሞተሪኖ ሲደገም የሚያወጣውን ጩኸት አንዴ የሰማ አይረሳውም፤ ብረት ከብረት ጥርስ ለጥርስ ይፋጫል። ደንግጬ መርፌዬን ሰበርኩት። መንዳት የሚማር ሰው ነው እንዲህ የሚሳሳተው፤ የእኔ ባል በሕይወቱ አድርጎት አያውቅም። ቀና ብሎ አየኝና፣ «ቁልፉ እየያዘ አስቸገረኝ» አለ። «ዘይት አድርግበት» አልኩት። ሁለታችንም ዋሸን።

ከዚያ ወዲያ ሳስተውለው፣ ሰው ሲያናግረው የሚያየው ዓይኑን ሳይሆን ከንፈሩን ነው። አንድ ቀን ደግሞ መቀስ ጠፍቶብኝ ጠረጴዛውን ስፈትሽ፣ ያረጁ የሞተር ካንዴላዎች ካጠራቀመበት ጣሳ ውስጥ አንዲት ትንሽ ሳጥን አገኘሁ። ጆሮ ላይ የሚደረግ የመስሚያ መሣሪያ ነው፣ ከሐኪሙ ወረቀት ጋር። ቀኑን አየሁት፤ ዓመት አልፎታል። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም ይባላል፤ የእኔው ጉድ መድኃኒቱንም ደበቀው። እንደነበረ መልሼ ከደንኩትና ወጥ ቤት ገብቼ አለቀስኩ። ስነጫነጭበት እንዳልሰማ ይሆን የነበረ ሰው፣ አሁን የምሩን አይሰማኝም። ያ የውሸቱ አለመስማት እንዲህ ይናፍቀኛል ብዬ አስቤ አላውቅም።

ቢሆንም አፌን ያዝኩ። ካቻቢቴዋን ጆሮው ላይ አድርጎ ዓይኑን ሲጨፍን እያየሁ፣ እጁም ዓይኑም አዋቂ ስለሆነ ሥራው ሳይበላሽ እያለፈ፣ ወራት ሄዱ። የቲቸር መኪና እስክትመጣ ድረስ ማለቴ ነው።

ቲቸር ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ የሰፈሩን ግማሽ ፊደል ያስቆጠሩ ሴት ናቸው። አፍንጫዋ ክብ የሆነ ትንሽ መኪና አለቻቸው። በወጣትነታቸው ገዝተዋት፣ ዓሥር ዓመት ግቢያቸው ቆማ ዝጋ ነበር። ታላቅ እህታቸው ከተራራው ማዶ፣ አንድ ሙሉ ቀን በሚያስነዳ ርቀት ላይ ታመው ተኝተዋል። «ወጣት ሳለን አብረን ነበር የምንዞርባት። በዚህችው መኪና ሄጄ በሯ ላይ ጥሩንባዋን ላሰማት እፈልጋለሁ። ቶሎ በልልኝ ዶክተር» ብለው ሰጡት። ስምንት ወር ሠራናት። እሱ ሞተሩን እስከ መጨረሻው ብሎን ፈታ፤ እኔ ወንበሮቹን በወይን ጠጅ ቆዳ፣ በነጭ ክር ሰፋሁ። ከእጄ ከወጣ ሥራ ሁሉ እሱን እወደዋለሁ።

ሮብ ዕለት ሞተሩን አስነሳው። ካቻቢቴዋን አስደገፈ፣ ዓይኑን ጨፈነ፣ ፊቱ በራ። «ንጹህ!» አለኝ። እኔ ግን የስፌት መኪናዬ ጋ ተቀምጬ ሌላ ነገር እሰማ ነበር። ከድምፁ ሥር፣ ጋዙን በለቀቀው ቁጥር፣ ዱቅ ዱቅ የሚል ነገር አለ። «እንዴት ነው?» አለኝ። ያን ፊት ከዓመት ወዲህ አላየሁትም። «ጥሩ ነው» አልኩት።

ሐሙስን ሥራ አልሆነልኝም፤ የሰፋሁትም ጠማማ ሆነብኝና ተረተርኩት። ቲቸር ቅዳሜ ጠዋት መኪናቸውን ይዘው በቀጥታ ጉዞ ሊጀምሩ ነው። ዝም ካልኩ ሞተሩ ቁልቁለት ላይ ይሰበርባቸዋል። ከተናገርኩ ባሌ ይሰበራል። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው፤ አንዴ ካልኩት አልመልሰውም።

ዓርብ ጠዋት ሻይ እየጠጣን፣ «ሞተሩ ያንኳኳል» አልኩት።

«ምን?»

«ሞተሩ ያንኳኳል።»

ጎንበስ ብሎ ከንፈሬን አየ። ቃሉ አልያዘለትም። እንዲህ ያለ ነገር በሹክሹክታ ነው የሚነገረው፤ እኔ ግን መጮህ ነበረብኝ። ጎረቤት እስኪሰማ ድረስ ጮህኩት። ብርጭቆውን አስቀመጠ።

«አንቺ ስለ ወንበር እንጂ ስለ ሞተር ምን ታውቂያለሽ?»

«ሃያ ስድስት ዓመት ጆሮዬ ሥር ስታስጮኸው ምን አደርግ ነበር? ተኝቼ ነበር?»

ተነስቶ ወጣ። ሳየው የቲቸር መኪና ውስጥ፣ መሪው ጋ፣ በሩን ዘግቶ ተቀምጧል። ደሜ ፈልቶ ነበር፤ አንገቱን ሳየው ግን አንጀቴን በላኝ። ገብቼ ጎኑ ተቀመጥኩ። አዲሱ ቆዳ ሲጨማደድ ድምፁ ይሰማል፤ ለእኔ ብቻ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው ያወቅሽው?»

«ሞተሪኖውን ከደገምክበት ቀን ጀምሮ። ሳጥኗንም አግኝቻታለሁ።»

«አይሆንም እሱ። ሞተር ላይ ሳደርገው ምስማር በጣሳ እንደሚንጡ ነው የሚያሰማኝ።» ወደ እኔ ዞሮ፣ «ለምን አልነገርሽኝም?» አለ።

«አንተስ ለምን አልነገርከኝም?»

ባልና ሚስት ከአንድ ባሕር ይቀዳል።

ወርጄ የእንጨት ሜትሬን አመጣሁ። ካቻቢቴዋን መጠየቅ አልደፈርኩም። «አስነሳው» አልኩትና አንዱን ጫፍ ሞተሩ ላይ፣ ሌላውን ጆሮዬ ላይ አደረግኩ። የሞተሩ ሆድ ዕቃ ሁሉ ጭንቅላቴ ውስጥ ገባ። እሱ አጠገቤ ቆሞ አፌን ያያል። የሞተር ቋንቋ የለኝም፤ የማውቀውን ነገርኩት። «የታችኛው ክር ሲላላብኝ ማሽኑ እንደሚመታው ነው። ጋዙን ስትለቀው ይብሳል። ከላይ አይደለም፣ ከታች ነው።»

የካንዴላዎቹን ሽቦ አንድ በአንድ እየነቀለ፣ «አሁንስ? አሁንስ?» ይለኛል። ሁለተኛዋን ሲነቅላት ዱቅዱቁ ቀለለ። አወቀው። ፒስተኑን ከታች የሚያያይዘው ቢዬላ ነው። መኪናዋን በክሪክ አንስቶ፣ ዘይቱን አፍስሶ፣ ከሥር ገብቶ ሲከፍተው አንዱ ብሎን ላልቶ ተገኘ። በገዛ እጁ ያሰረው ብሎን ነው። ከመኪናዋ ሥር ቶሎ አልወጣም። እግሮቹን ብቻ እያየሁ መሬት ላይ ተቀመጥኩ። ሲወጣ ፊቱ ጥቁር ዘይት ነው።

«ቲቸርን ልገድላቸው ነበር» አለ። አስተካክሎ አጥብቆ እስኪጨርስ መሸ፤ ደግመን አዳመጥን፤ ዱቅታው ጠፍቷል። እጁን እየታጠበ ግን፣ «ቲቸር ነገ ይውሰዱና በሩን እንዘጋለን። በቃኝ» አለኝ።

«አንተ ዝጋው» አልኩት እየጮህኩ። «እኔ ሰኞ የሚሰፋ ወንበር አለኝ።» እንዲህ ማለቴ ጨክኜ አልነበረም፤ ሌላ ብናገር ላለቅስ ስለነበር ነው።

ቅዳሜ ቲቸር በጠዋት መጡ፤ የመንገድ ቦርሳ ይዘዋል፣ የመንጃ ጓንት አድርገዋል። ወንበሩን በእጃቸው ዳሰስ ዳሰስ አድርገው ለራሳቸው ፈገግ አሉ። ከዚያ ሞተሩን አስነሱና መስኮቱን ዝቅ አድርገው፣ «በል ዶክተር፣ አዳምጠህ ንገረኝ። ካንተ አፍ ሳልሰማ አልነሳም» አሉት። ይሄን ከንፈራቸው ላይ አነበበው።

ካቻቢቴዋን ከመስቀያዋ አወረደ። በጨርቁ ጠረጋት። ወደ ጆሮው አነሳት። ግማሽ መንገድ ላይ እጁ ቆመ። ዞረና እጀታውን ወደ እኔ አድርጎ ዘረጋልኝ።

«እሷ ናት የምታዳምጠው» አለ። «እኔ አልሰማም፣ ቲቸር። ሁለት ዓመት ሆኖኛል።»

ቲቸር ሁለታችንን ተራ በተራ አዩን። «እኔም ያለ መነጽር መንገዱን አላየውም» አሉ ረጋ ብለው፣ ፊታቸውን ወደ እሱ አዙረው። «ታዲያ መነጽሬን አደርጋለሁ እንጂ መኪናዬን አልሸጥም። በይ ልጄ፣ አዳምጪልኝ።»

እጀታው ከጠበቅኩት በላይ ከባድ ነበር። ጉድጓዱ ለእሱ ጆሮ የተሠራ ነው፤ ለእኔ ሰፋኝ። ጫፏን ሞተሩ ላይ አሳርፌ ዓይኔን ጨፈንኩ። የእሱ መዳፍ ጀርባዬ ላይ ነበር። አንደኛዋን፣ ሁለተኛዋን፣ ሦስተኛዋን፣ አራተኛዋን፣ ተራ በተራ ሰማኋቸው። ዓይኔን ስገልጥ የሚያየው ከንፈሬን ነው።

«ንጹህ ነው» አልኩ፤ ሳልጮህ።

«ንጹህ ነው» ብሎ ለቲቸር ደገመላቸው።

ቲቸር ሄዱ። ኩርባው ጋ ሲደርሱ ጥሩንባቸውን ነፉ፤ እኔ ስዞር እሱም ዞረ። ካቻቢቴዋን ልሰጠው ስዘረጋለት አልተቀበለኝም፤ ከስፌት መኪናዬ በላይ ምስማር መታና እዚያ ሰቀላት። ቀጥሎ ወደ ጠረጴዛው ሄዶ የካንዴላውን ጣሳ ገለበጠው። ሳጥኗን ከፈተ። መሣሪያዋን በዚያ ወፍራም ጣቱ እየታገለ ጆሮው ላይ አደረጋት፤ ፊቱን ቋጠረ፣ ትንሽ ቆይቶ ፈታው።

«ለሞተር አትሆንም» አለ። «ለሞተር አንቺ አለሽ። ይቺ አንቺን መስሚያ ናት። በይ እሜቴ፣ ተነጫነጪ።»

ሃያ ስድስት ዓመት ያልጠፋኝ ነገር ያን ጊዜ ጠፋኝ። አንገቴን አዙሬ የሰኞውን ሥራ ሳይ፣ በዘይት የራሰው ጨርቅ አዲሱ ቆዳዬ ላይ ተቀምጧል።

«ያንን ጨርቅ አንሳልኝ» አልኩት ቀስ ብዬ።

ሄዶ አነሳው።