በሐመሩ ሐ የተነሣች መኪና

«አንድ መሪና አንድ ደብተር ይዘው መጥተው መኪና ሥራልኝ ይሉኛል?»

«ሌላውም አለ አልኩህ እኮ! ተጽፏል።»

«የት ነው ያለው?»

«በየሰው ቤት።»

«እንግዲያው በየሰው ቤት ይንዱት!»

የጋራዡ በር ላይ ቆሜ ነበር። ተራዬ እስኪደርስ ጠበቅሁ፤ አልደረሰም። ክርክሩ በትግርኛ ነው። ያደግሁት ደሴ ነው፤ ለዩኒቨርሲቲ መጥቼ ትምህርቱን አቋርጬ ዓዲ ሓቂ የሚባል ሰፈር ውስጥ አንዲት ክፍል ተከራይቼ እኖር ነበር። ከሚባባሉት ግማሹን ብቻ ነው የሰማሁት። ቀሪውን መምህር ግደይ ኋላ ደጋግመው ነግረውኛል፤ በነገሩኝ ቁጥር እሳቸው ያሸንፋሉ።

መሪውን በክንዳቸው አቅፈው የቆሙት እሳቸው ነበሩ። ጡረታ የወጡ የጂኦግራፊ መምህር ናቸው። ቱታ የለበሰው ወፍራም ሰው የጋራዡ ባለቤትና ዋና መካኒክ አቦይ ሓጎስ ነው። «ነው» ያልኩት ያን ቀን ስላላወቅኋቸው ነው፤ ከዚያ በኋላ አንቱ ብያቸው ኖሬአለሁ። አቦይ ሓጎስ ሰባተኛ ክፍል የመምህር ግደይ ተማሪ ነበሩ። ለዚህ ነው አንዱ «አንተ» ሌላው «እርስዎ» እየተባባሉ የሚጣሉት።

በመጨረሻ አቦይ ሓጎስ አዩኝ። የስድስት ወር የመካኒክነት ሥልጠና ወረቀቴን ዘረጋሁና ሥራ ፈልጌ ነው አልኩ። ወረቀቱን አላነበቡም። እጃቸውን አነሡና «ሕጂ!» አሉኝ።

ሄድኩ።

ምን ላድርግ? ሂጂ ተባልኩ፣ ሄድኩ። አስፋልቱ ጋ ስደርስ ከኋላዬ «ኣንቲ! ወዴት ነው?» የሚል ድምፅ መጣ።

«ሂጂ አሉኝ እኮ» አልኩ።

«መቼ?»

«አሁን።»

«እሱን እኮ ነው ያልኩሽ፤ አሁን! ሕጂ ማለት አሁን! አሁን አናግርሻለሁ፣ ቆይ ማለቴ ነው።»

መምህር ግደይ መሪውን እንዳቀፉ መሬት ላይ ቁጭ እስኪሉ ሳቁ። «ሓጎስ፣ ይህችን ልጅ ቅጠራት» አሉ። «ሂጂ ስትባል የምትሄድ ሠራተኛ ከየት ታገኛለህ? ዕቃዬን ከየቤቱ ትሰብስብልኝ።»

አቦይ ሓጎስ ከኪሴ ብቅ ያለውን ደብተር አዩ። ምን እንደሆነ ጠየቁኝ፤ ግጥም ነው አልኩ። ከዚያ የቅጥር ውሌን በአማርኛ፣ ቀስ ብለው ነገሩኝ። «የመምህር መኪና በአራቱም ጎማዋ እየተሳበች የእንዳ ኢየሱስን ዳገት ከወጣች ትቆያለሽ። ካልወጣች ወደ ግጥምሽ።»

የቤት ኪራይ ደርሶብኝ ነበር። ወደ ግጥሜ መመለስ ማለት ወደ ደሴ መመለስ ነበር።

የመኪናዋ ታሪክ አጭር ነው። አሮጌ ፒካፕ ናት፤ ፊትና ኋላ ዲፈረንሻል ያላት፣ በዕድሜ ከእኔም ከእናቴም የምትበልጥ። በጦርነቱ መኪና ከየግቢው በሚወሰድበት ጊዜ መምህር ግደይ አንድ ነገር አሰቡ፤ መኪና ካልሆነች ማንም አይወስዳትም። ፈቷት። የብረት አጽሟን፣ ሻንሲዋን፣ በድንጋይ ላይ አስቀምጠው ሌላውን ለዘመድና ለወዳጅ በተኑት። የቱ ዕቃ ማን ዘንድ እንዳለ በደብተር ጻፉ፤ ደብተሩንና መሪውን ፍራሻቸው ሥር አድርገው ተኙበት።

የመጀመሪያ ማዕረጌ ረዳት ነበር፤ ሥራዬ ጋሪ ይዞ መዞር። ቀዳማይ ወያነ በሚባለው ሰፈር የማርሽ ሣጥኑን፣ ካምቢዮውን፣ ያገኘነው አንዲት ጨርቅ ሻጭ ሱቅ ውስጥ ነው። ትራስ አልብሰውት ደንበኛ ይቀመጥበታል። አንዲት ሴትዮ ተቀምጠውበት ነጠላ ይመርጡ ነበርና መርጠው እስኪጨርሱ ጠበቅን። ዓዲ ሓቂ ከእኔ ቤት ሁለት በር አልፎ የመኪናዋን ክብደት የሚሸከሙት ተደራራቢ የብረት ቅጠሎች፣ ባሌስትራው፣ የተማሪዎች መጽሐፍ መደርደሪያ ሆኗል። ኃይሉን ወደ ፊት ጎማዎች የሚወስደው ዘንግ፣ ካርዳኑ፣ የልብስ ማስጫ ምሰሶ ነበር፤ ባለቤቲቱ «ልብሴ አልደረቀም፣ ነገ ኑ» አለችን። በነጋታው ሄድን።

ሁሉም መለሰ። አንድ ብሎን እንኳ የጎደለ የለም። ሰው ስለ ሰው የሚያወራውን ስሰማ ዛሬም ያ ጋሪ ትዝ ይለኛል።

ከዚያ ሥራው ተጀመረ። አቦይ ሓጎስ ሲረጋጉ በአማርኛ፣ ሲቸኩሉ በትግርኛ ያዝዙኛል፤ ሥራ ላይ ደግሞ ሁልጊዜ ይቸኩላሉ። መዶሻ፣ ካቻቢቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ በሁለቱም ቋንቋ ያው ናቸው፤ የተቸገርኩት በመካከላቸው ባሉት ቃላት ነው። ሻንሲውን በሽቦ ብሩሽ ፋቅሁና ቀባሁ። ባሌስትራውን ፈትተን እያንዳንዱን ቅጠል ግራሶ ቀብተን መለስን፤ ከሥሩ አንድ ቅጠል ጨመርንና መኪናዋ ከመሬት ከፍ አለች። ከፊት የድንጋይ መከላከያ ብረት በየድን። መምህር ለሁለት ቀን የሚበቃ ውኃና ናፍጣ የሚይዝ መደርደሪያ ጠየቁ። ወጣት ሳሉ ያስተማሩት ከገደሉ በታች፣ ወደ ጨው ሜዳው መውረጃ አጠገብ ያለ ትምህርት ቤት ነው፤ ወደዚያ ሲወርዱ መጨረሻው ላይ የመኪና መንገድ የለም። እዚያ በራሳቸው መኪና መድረስ ይፈልጋሉ።

«ምን ሊያደርጉ?» አሉ አቦይ ሓጎስ።

«ሰላም ልበላቸው።»

«ስልክ አይደውሉም?»

«ሓጎስ፣ አንተ ካርታ ላይም ሰሜንን አታገኝም ነበር።»

የሾፌሩ በር ብቻ አልስተካከል አለ። መቆለፊያውን ሦስት ጊዜ ፈትቼ ገጠምኩት፤ ቢዘጉት ይከፈታል። በገመድ አሰርነው። አቦይ ሓጎስ በአጠገቡ ባለፉ ቁጥር ገመዱን ይነካሉ። «በሩ ያልገጠመ መኪና ገና በሥራ ላይ ነው» ይላሉ።

የዳገቱ ቀን መጣ። አቦይ ሓጎስ መኪናዋን ከዳገቱ ሥር አቆሙና መሪውን ለእኔ ሰጡኝ፤ እሳቸው የፊት ጎማዎቹን ሊያስይዙ ወረዱ። በእንዲህ ያለ አሮጌ መኪና አራቱም ጎማ እንዲስብ ሰው ወርዶ የፊት ጎማ መሐል ያለውን መቆለፊያ በእጅ ያዞራል። የቀኙ በቀላሉ ዞረ። የግራው ዝጎ ነበር። አቦይ ሓጎስ ከጎማው አጠገብ በጉልበታቸው ተንበርክከው በፒንሳ ይታገላሉ፤ እኔ ፍሪሲዮን ረግጬ፣ ሞተሩ እየሠራ፣ ከሞተሩ ድምፅ በላይ እንዲሰማኝ ጆሮዬን በመስኮት አውጥቻለሁ። መምህር ግደይ ደብተራቸውን ይዘው ከኋላ ቆመዋል።

ከጎማው ሥር «ሕጂ!» የሚል ጩኸት መጣ።

ፍሪሲዮኑን ለቀቅሁ።

መኪናዋ ዘላ ተነሣች። በሩ ገመዱን በጥሶ ተከፈተ። አራቱም ጎማ መሬቱን ሲቧጥጥ ወንበሩ ሥር ይሰማኛል፤ ጠጠር ይረጫል። ፍሬኑ ገና አየር ስለነበረበት ዳገቱ መሐል ማቆም ፈራሁ፤ እስከ ጫፍ ወጣሁ። የእጅ ፍሬን ስቤ፣ ማርሽ አስገብቼ፣ ከጎማው ኋላ ድንጋይ ጥዬ ዞርኩ። ከታች አቧራ ብቻ ነበር። መምህር ግደይን አየኋቸው፤ ይሮጣሉ። አቦይ ሓጎስን አላየኋቸውም።

ያኔ ገባኝ። ሂጂ አላሉኝም። ሕጂ ነው ያሉት። አሁን ያዘ፣ አሁን ዞረ ማለታቸው ነው። ጉልበታቸው ጎማው አጠገብ ነበር።

ቁልቁል የሮጥኩትን ሩጫ ድጋሚ መሮጥ አልችልም። የሰው ስም እየጠራሁ እንደነበር መምህር ናቸው የነገሩኝ። ከመንገዱ ዳር ቦይ ውስጥ አቦይ ሓጎስ ተቀምጠዋል። አንድ ጫማቸውን አውልቀው ይዘዋል፤ ጫማው አፍንጫው ተጨፍልቋል። ሌላው እጃቸው ላይ ፒንሳው አለ፤ ተቆልምሟል። ጣቶቻቸውን ቆጠርኩ፤ የእግራቸውንም። ጮክ ብዬ ነበር የቆጠርኩት።

«ሁሉም አሉ» አሉ። «ጫማው ለልጄ ሠርግ የተገዛ ነው፤ ሁልጊዜም ይሰፋኝ ነበር። እግዚአብሔር ይመስገን።»

እኔ ቦዩ ውስጥ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ አለቀስኩ። መምህር ግደይ እያለከለኩ ደረሱ፤ ዳገቱን ቀና ብለው አዩ።

«ወጣች» አሉ።

አቦይ ሓጎስም ቀና አሉ። እስካሁን ልብ አላሉትም ነበር። «ኣየ!» አሉ፤ «በአራቱም?»

«በአራቱም።»

ከዚያ አቦይ ሓጎስ ወደ እኔ ዞሩ። «የተናገርኩትን ቃል አጥፌ አላውቅም፤ ስለወጣች ትቆያለሽ» አሉ። «ግን አንዲት ቃል ሳታውቂ መሪ አትይዥም።»

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልናዘዝ። ደሴ ሳለሁ ስለ ፊደል ግጥም ጽፌ ነበር፤ በትምህርት ቤት መድረክም አንብቤ ተጨብጭቦልኛል።

ሦስት ሀ ለአንድ ትንፋሽ፣ ምን ይሠራል ቢቆጠር፣
አንዱን ይዘን ሁለቱን በሸጥናቸው ነበር።

ለእኔ ጆሮ ሀሌታው ሀና ሐመሩ ሐ አንድ ነበሩ። ከእነዚያ ልሸጣቸው ካሰብኳቸው አንዱ የሰው እግር ሊያስከፍለኝ ነበር።

በነጋታው ፍሬን አስተነፈስን። ሥራው ሁለት ሰው ይፈልጋል፤ አንዱ ፔዳሉን ይረግጣል፣ ሌላው ጎማው ጋ ሆኖ ብሎኗን ላላ እያደረገ አየሩን ያስወጣል። ከጎማው ጋ ያለው ሲያዝዝ ብቻ ነው የሚረገጠው። አቦይ ሓጎስ በማዘዣነት የመረጡት ቃል የትኛው እንደሆነ መገመት አያቅትም።

«‘አሁን’ ቢሉኝስ?» አልኳቸው።

«አርባ ዓመት የሠራሁበትን አፍ ላንቺ አልቀይርም፤ ጆሮሽን ቀይሪ። በይ፣ ሕጂ።»

«ሂጂ።»

«እሱ ወደ ደሴ መመለሻው ነው። ሕ! ትኩስ ሻይ ጉሮሮውን እንዳቃጠለው ሰው።»

«ኽጂ።»

«አሁን ደግሞ አጥንት የተሰነቀረበት ሰው ሆንሽ።»

አራት ጎማ፣ በየጎማው ሃያ ሠላሳ ጊዜ። ፍሬኑም እኔም አብረን ተነፈስን። የመጨረሻው ጎማ ላይ ስንደርስ፣ ከንፈሬ ሳይሆን ከጉሮሮዬ ሥር የሆነ ነገር ተጨምቆ ወጣ። አቦይ ሓጎስ ብሎኗን ጠበቅ አድርገው ቀና አሉ። «ጽቡቕ፣ ጥሩ፤ ጆሮሽ በቀለ» አሉኝ።

የዚያን ዕለት ከሰዓት የሾፌሩን በር መቆለፊያ አራተኛ ጊዜ ፈታሁት። ዳገቱ ላይ ሲከፈት ማጠፊያው ይበልጥ ተጣሞ ነበር፤ እሱን ሳቃና ጠማማው እስከዛሬ መቆለፊያው ሳይሆን ማጠፊያው እንደነበረ አየሁ። ሦስት ጊዜ የተሳሳተ ቦታ ስፈታ ነበር። ቀጥ አደረግሁት። በሩን ግን አልሞከርኩትም፤ ፈራሁ።

ወደዚህ ሙያ አዲስ ለሚገቡ የምለው አንድ ነው። ሰው መኪና አጠገብ ወይም ሥር እያለ የሰማችሁት ቃል ትርጉሙን እርግጠኛ ካልሆናችሁ ምንም አትንኩ፤ ጠይቁ። ጠይቆ መሳቂያ መሆን ከጫማ ይረክሳል።

መምህር ግደይ ለጉዞው ሲዘጋጁ አብሯቸው የሚሄድ መካኒክ ጠየቁ። አቦይ ሓጎስ ራሳቸው የሚሄዱ መስሎኝ ነበር። ማለዳ ስመጣ የመሣሪያ ሣጥኑ ተጭኗል፤ ከላዩ የተቆለመመው ፒንሳ ተቀምጧል። መምህር በተሳፋሪው ወንበር ላይ ሆነው ካርታ ዘርግተዋል።

«እኔ ቁልቁለት ወገቤን ያመኛል» አሉ አቦይ ሓጎስ። «ታች ስትደርሺ የባሌስትራውን ብሎኖች አጥብቂ። ናፍጣ ማጣሪያውን እዪ። መምህር ሰሜን ይህ ነው ካሉሽ እመኛቸው።»

«ረዳት ብቻውን ይሄዳል እንዴ?»

«ረዳት አልላክሁም» አሉ። «መካኒክ ነው የላክሁት።»

ቆምኩ።

እጃቸውን አነሡ፤ እንደ መጀመሪያው ቀን።

«ሕጂ፣ ሂጂ» አሉ።

ሁለቱንም ሰማኋቸው፤ አንዷን ከጉሮሮ፣ አንዷን ከትንፋሽ። ከጋራዡ ወጣሁ፣ የሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጥኩ፣ በሩን ሳብኩት። በአንድ ድምፅ ተዘጋ።