ኦቦ ገመቹን ማን ይወክል?

እስቲ ጆሮ ስጡኝ፤ ብታነቡት አይቆጫችሁም። ነቀምቴ ያሉት አጎቴ ኦቦ ገመቹ ልጅ የላቸውም፤ ሲያረጁ ንብረታቸውን የሚጠብቅ ተወካይ ያስፈልጋቸዋል። «ውክልና የሚሰጠው አእምሮ ሙሉ ሳለ ነው፤ ‹ራሴን ባላውቅም ይቀጥላል› ተብሎ ይጻፍበት» ብዬ አስረዳኋቸው።

እህታቸው አዴ ጫልቱ ጮኹ። «ደህናውን ሰው ልታሳብደው ነው? ቤቱን ፈልገህ ነው!»

አጎቴም በጎሪጥ ያዩኝ ጀመር። ውክልና የሚሰጥበት ቢሮ ስንደርስ ሠራተኛዋ እኔንና አዴ ጫልቱን አስወጥታ ለብቻቸው ጠየቀቻቸው። በር ላይ አዴ ጫልቱ ኪሴን ሊፈትሹ ምንም አልቀራቸውም።

አጎቴ ሲወጡ «ጫልቱን ወከልኩ» አሉ።

«እሳቸውን?» አልኩ ደንግጬ።

«ኢልማ ኮ፣ ልጄ፣ አንተን የሥጋ ዘመዷን እንኳ የማታምን ሴት ለሌባ ትመቻለች?»

እናንተም ጤና ሳላችሁ ከዘመድ ሁሉ ተጠራጣሪውን ወክሉ፤ ሞክሩትና እዩት!