አህያይቱስ?

አንድ ሰው ተረት ጀምሮ፣ ከተረቱ ሰዎች ግማሹን መንገድ ላይ ጥሎ ቢነሳ ታጨበጭቡለታላችሁ?

ልጅ ሳለሁ፣ በመተማ ቆላ፣ ኮኪት ከአባቴ የሰሊጥ እርሻ ዳር፣ ከደጋ ለአጨዳ የወረዱት ሠራተኞች ምሽት ላይ የማሽላ አገዳ ያነዱ ነበር። የአገዳ እሳት ቦግ ብሎ ቶሎ ይወድቃል፤ ጭሱ ግን ትንኙን ስለሚያባርር እኔና ታናሽ ወንድሜ ሙሉ፣ ዓይናችን እያነባም ቢሆን፣ ከመሐሉ አንወጣም። ተረት የሚነግሩን ከወሎ የመጡት አባ ይመር ነበሩ። ያኔ በዚያ እሳት ዙሪያ አንድ ሕግ ነበር፤ ተረቱ ውስጥ የገባ ሁሉ፣ ሰውም ይሁን እንስሳ፣ ቤቱ ሳይገባ ፍሙ አይዳፈንም። ሰሚዎቹ ሁሉ ከቤታቸው ርቀው የሚያድሩ ነበሩና ሕጉን እንደ ቀልድ የሚያየው አልነበረም።

አንድ ምሽት አባ ይመር የተረቱን ነጋዴ ከሽፍታ አስመልጠው፣ ከሚስቱ ደጅ አድርሰው፣ ፍሙን አመድ ሊያለብሱ ሲሉ ሙሉ ብድግ አለ።

«አህያይቱስ?»

ሠራተኞቹ በሳቅ ወደቁ። «ኧረ ጅብ በላት በሉትና እንተኛበት!» አለ አንዱ ጎጃሜ።

አባ ይመር ግን አልሳቁም። «እውነቱን ነው፤ ረስቻታለሁ» አሉና አመዱን በእንጨት ገለጥ አድርገው፣ አህያይቱን ወንዝ አሻግረው፣ ጭነቷን አራግፈው፣ ገብስ አብልተው አሳደሯት። ከዚያ በኋላ ነው የተኛነው።

ዕድሜዬን ካርቱም ጨረስኩ። መጽሐፍ ስጨርስ እንኳ መሐል ላይ የጠፋ ሰው ካለ ወደኋላ እየገለጥኩ እፈልገው ነበር። የሱዳኑ ጦርነት አባርሮኝ በመተማ ዮሐንስ በኩል ስመለስ፣ ሙሉ ሊቀበለኝ ከጎንደር ተነሳ። ሸሕዲ ከተማ ሳይደርስ ታጣቂዎች የተሳፈረበትን አውቶቡስ አስቁመው እሱን ይዘው ሄዱ። እስከ ዛሬ ወሬው የለም።

የአካባቢያችን የፓርቲ ተወካይ ቤቴ መጥቶ፣ አንገቱን ደፍቶ፣ «እማማ፣ ጉባኤው ላይ ስሙን ጠርቼ እጠይቃለሁ» አለኝ።

ስለዚህ የጉባኤው ቀን ከዑስማን ሱቅ ቴሌቪዥን ፊት ተቀመጥኩ። አዳራሹ አበባ በአበባ ነው፤ ሁሉም አንድ ዓይነት ሻርፕ አጥልቀዋል። ሲያንቀላፋ የቆየው ሁሉ፣ ካሜራው ሲዞርበት ያጨበጭባል። ተወካያችን ተራው ደርሶ ማይክሮፎኑን ያዘ። ከንፈሩን አየሁት። ስለ ሰሊጡ ምርት ተናገረ፤ ቆላው ሰላም መሆኑን፣ መንገዱ ሌት ተቀን ክፍት መሆኑን ተናገረ። እጅ ነስቶ ተቀመጠ። አዳራሹ በጭብጨባ ተናጋ፤ ሱቁ በር ላይ መኪና የሚጠብቁ የአጨዳ ሠራተኞችም አብረው አጨበጨቡ።

«ሙሉስ?» አልኩ ጮክ ብዬ።

ዑስማን ደንግጦ የቴሌቪዥኑን ድምፅ ቀነሰው። «እማማ፣ ይኸ ሣጥን እኮ አይሰማም።»

«ሰውየው ግን ሰምቶኝ ነበር» አልኩት።

ጉባኤተኞቹ ቆመው መዝሙር ዘመሩ። መብራቱ አንጸባረቀ፤ ጉባኤው በድል ተጠናቀቀ ተባለ። ከሁሉም የቀረኝ ያ የጭስ ሽታና ያ ሕግ ብቻ ነው። አንድ የቀን ሠራተኛ ለአህያ ብሎ እሳት ሲቀሰቅስ አይቻለሁ፤ ስለዚህ አይቻልም ነበር እንዳትሉኝ።

ጎረቤቶቼ፣ ዕድሜሽ ገፍቷል፣ ይቅር በይና ረፍት አግኚ ይሉኛል። ሙሉን የወሰዱትን ይቅር አልልም። ቃል ገብቶ የዋሸኝን አልልም። ያጨበጨቡትን፣ ድምፁን የቀነሰውን ዑስማንንም ጭምር፣ አልልም። ማንንም ይቅር አልልም።