የጋሽ ሁሴን የወገብ ገመድ

ዛሬ ጠዋት ጋሽ ሁሴን የግቢያችን ግራቪሊያ ዛፍ ላይ እንዳሉ መጋዙን ድንገት አቆሙት። ያስቆማቸው የእኔ ጥያቄ ነው። እንግዳ ሲመጣ አፍሬ ጓዳ የምገባው የእኔ!

ጋሽ ሁሴን የወሎ ሰፈር ዛፍ ቆራጭ ናቸው። ወደ ቆርቆሯችን ያዘመመውን ቅርንጫፍ ሊቆርጡልን መጡ።

ሁለት ገመድ አላቸው። በአንዱ ቅርንጫፉን ቀስ አድርገው ያወርዳሉ፤ በሌላው ወገባቸውን ከግንዱ ጋር ያስራሉ።

አንጋጥጬ ሳይ ግን የወገባቸው ገመድ የታሰረው እየቆረጡት ካለው ቅርንጫፍ ጋር መሰለኝ። ዕድሜያቸውን ሙሉ ዛፍ ላይ የኖሩ ሰው ናቸው፤ ምን ልበላቸው?

«ጋሽ ሁሴን፣ ቅርንጫፉ ሲወድቅ ያ ገመድ እርስዎን ይዞ አይሄድም?»

እናቴ «አንቺ፣ ሰውየውን ሥራ አታስፈቺ!» አለችኝ።

እሳቸው ገመዱን በእጃቸው ተከትለው አዩትና «ያ አላህ!» አሉ። ቦታ ሲቀይሩ ተሳስተው ኖሯል። ፈትተው ግንዱ ላይ አሰሩት።

ሥራውን ጨርሰው ሲወርዱ «በይ ሌላም ጠይቂኝ፣ ልጄ» አሉኝ።

እኔም ምሳ እስኪደርስ ጠየቅኳቸው። ቅርንጫፍ መጀመሪያ ከታች በኩል ትንሽ የሚጋዘው፣ ሲወድቅ የግንዱን ልጣጭ ይዞ እንዳይወርድ ነው አሉ።

እናንተስ፣ «የሞኝ ጥያቄ ነው» ብላችሁ ልትውጡት ስትሉ ከአፋችሁ ያመለጣችሁ ጥያቄ አለ? ምን መለሱላችሁ?