አማቴ እና የዓሣው ጋን

በጣሊያን ጊዜ መተማን ያኖራት ዓሣ ነበር ብል፣ ባሕር በሌለበት አገር የሚያምነኝ የለም። ግን እውነት ነው። ጓንግ ወንዝ በበጋ ጎድሎ ኩሬ ኩሬ ሲሆን አጥማጁ መረቡን ይዞ ይወርዳል፤ ጨው ነጋዴው ገበያው ይደራለታል፤ ሸክላ ሠሪዋ ጋኗን ትደረድራለች፤ ግመለኛው ከሱዳን በኩል ይመጣል። ትኩሱን ዓሣ የጣሊያን መንገድ ሠራተኞች ይወስዱታል። የተረፈውን እንደኔ ያለው ነጋዴ በጨው አሽቶ፣ ጋን ውስጥ ጠቅጥቆ፣ አፉን በጭቃ መርጎ ፀሐይ ላይ ያቆየዋል። እስኪበሰብስ ማለት ነው። ሱዳኖቹ ፈሲህ ይሉታል፤ በፍቅር ይበሉታል። እኔ ስሙን በጠራሁ ቁጥር አፌን እጉመጠመጥ ነበር።

ሽታውን እንዴት ብዬ ልንገራችሁ። ጅብ እንኳ መንደራችንን ዞሮ ነበር የሚያልፈው። ዝንቡ ከብዛቱ የተነሣ ጥላ ስለሆነልን ቀትር ላይ ዛፍ የሚፈልግ ሰው አልነበረም። ሸሚዜን አውልቄ ሳስቀምጠው ብቻውን ይቆማል። ቄሱም መስቀል ሳያሳልሙኝ ገና ከሩቅ "እግዚአብሔር ይፍታህ፣ እዚያው ሁን" ይሉኝ ነበር።

ሚስቴ በዚህ ሽታ መሐል የመጀመሪያ ልጃችንን አረገዘች። በአገራችን ልማድ በኩር የሚወለደው በእናት ቤት ነው። ስለዚህ አማቴ ልጃቸውን ሊወስዱ ከጭልጋ ደጋ በበቅሎ ወረዱ። እኔን ያስጨነቀኝ መሄዷ አልነበረም፣ አለመመለሷ እንጂ። የደጋ ነፋስ አንድ ጊዜ አፍንጫዋን ካጠበላት ወደዚህ ጉድ ማን ይመልሳታል?

አማቴ ገና ከበቅሏቸው ሳይወርዱ ነጠላቸውን አፍንጫቸው ላይ ጠቀለሉ።

"አንቱ፣ የሞተባችሁ ሰው አለ?" አሉኝ።

"ኧረ የለም፣ እሜቴ።"

"እንግዲያው ሳትቀብሩ ያስቀመጣችሁት አለ።"

ወዲያው ጓሮ የተደረደሩትን ጋኖች አዩና ፊታቸው በራ። ደገኛ ናቸው፤ ጋን ካዩ ጠላ ነው የሚታያቸው። "ጠላው ተበላሽቶ ነው፤ እስቲ ልየው" አሉና፣ እኔ "ይቅርብዎት" እያልኩ የአንዱን ጋን ጭቃ በድንጋይ ሰበሩት።

የወጣውን ነገር ሽታ ብቻ አልለውም፤ ክንድ ነበረው፤ አማቴን በጥፊ መታቸው። በግራጫው ዝቃጭ ላይ የአምባዛ ጭንቅላት ከነጢሙ ተንሳፍፎ ቀና ብሎ ያያቸዋል። ወደ አጥሩ ሮጠው የመንገድ ስንቃቸውን ሁሉ መለሱት። በቅሎዋም ገመዷን በጥሳ ሄደች።

"ዕቃሽን አንሺ፤ ዛሬውኑ እንሄዳለን" አሏት ልጃቸውን፣ አፋቸውን እየጠረጉ።

ሚስቴ ግን ከጋኑ አጠገብ ቆማ ምራቋን ትውጣለች። "እምዬ፣ ከሱ ትንሽ ብቀምስ።"

"ከምኑ?"

"አማረኝ። ካማረኝ ሰነበተ። ባሌ እንዲህ ሲጸየፈው እያየሁ እንዴት ልናገር?"

ነፍሰ ጡር ያማራትን አትከለከልም፤ ጽንሱ ይጎዳል ይባላል፤ ይህን ደግሞ ከአማቴ በላይ የሚያጠብቅ የለም። ጭልጋ ፈሲህ የለም። በቅሎ ላይ ጭኖ ለማውጣት ደግሞ በቅሎዋ ሐሳቧን ገልጣለች።

"ቅርፊት የሌለውንማ አትበይም" አሉ በመጨረሻ። "አምባዛ ለክርስቲያን ነውር ነው። ቅርፊት ያለው የለም ወይ?"

"ቆሮሶ አለ፤ ግን ከሥር ነው" አልኳቸው።

"ያውጡት እንጂ።"

እኔ የማሸግ እንጂ የመክፈት ልምድ የለኝም። እጄ ጋኑ አፍ ሲደርስ በተራዬ ወደ አጥሩ ሮጥኩ።

"ወንድ ነኝ ይላሉ ደግሞ" አሉኝ። እጅጌያቸውን እስከ ትከሻቸው ሰበሰቡ፣ አማተቡ፣ ዓይናቸውን ጨፍነው ክንዳቸውን ጋኑ ውስጥ ሰደዱት። አንድ በአንድ እየዳሰሱ "ይኼም ለስላሳ ነው፣ ይኼም" ይላሉ። እጃቸው በዚያ ዝቃጭ ውስጥ ሲመላለስ ያሰማው ድምፅ ትዝ ሲለኝ ዛሬም እህል አይወርድልኝም።

ሚስቴ ቆሮሶውን ጣቷን እየላሰች በላችው። አማቴ ክንዳቸውን በአመድ፣ በሎሚ፣ በአሸዋ አሹት፤ አልለቀቀም።

"እስክትወልድ እዚሁ ነኝ" አሉ ክንዳቸውን ከራሳቸው አርቀው ይዘው። "እንዲህ እየሸተትኩ ማን ደጋ ያስገባኛል? መኝታዬን ብቻ ከጋን ራቅ አድርጉልኝ።"

መተማ ውስጥ እንዲህ ያለ ቦታ ከየት ይምጣ?